አባቴ እንቁላል አይበላም

ማለዳ ተነሣን፣ ገና ጉም ሳይገፈፍ፣
ኩንተላ ዕቃዋን በበር ላይ ስታሰልፍ፤
ሩዝ በጣሳ ሙሉ፣ ሙዝ፣ የዓሣ ጥብስ፣
ስምንት ቅቅል እንቁላል፣ ለትንሿ ልብስ።
አባቴ ሰናታን፣ በዱላው ተደግፎ፣
ነጭ ሽርጡን ታጥቆ፣ ዝምታውን አቅፎ፣
"እኔ እቀር ነበረ" አለ እንደ ልማዱ፤
ግን ቀድሞን ተገኘ ከዳር፣ ከመንገዱ።

ቢታርካኒካ ነው፤ ወንዝ ወደ ባሕር ሊሄድ
ሲያመነታ ውሎ የሚያጣበት መንገድ።
በሩ ላይ ለአምስት ሰው ትኬት ተቆረጠ፤
ካሜራዬም ከፍሎ እንደ ሰው ተቀመጠ።

ጀልባዋ እያሳለች ውኃውን ስትሰነጥቅ፣
መልኩ እንደ ሻይ ነው፣ ጨው ጨው የሚል፣ ጥልቅ።
"እነዚህ ዛፎች ናቸው ጣታቸውን ቀስረው፣
ሥሮቻቸውን ከጭቃ ወደ ላይ አውጥተው፣
ትንፋሽ የሚወስዱት" አለን አስጎብኚው፤
ስሙ ጃዱማኒ፣ ቅጠል ነው የሚያኝከው።

"ያው! ያውላችሁ!" አለ። ሁላችን ተነሣን፣
ጀልባዋ ስትዘም ባንድ ጎን ተጫንን።
እኔ ግን ያየሁት ጭቃ የለበሰ ግንድ፤
"ይኸ" አልሁ በሆዴ፣ "ለምድጃም አይነድ!"

ግንዱ ዓይኑን ገለጠ።
ወሬያችን ሁሉ በጉሮሮ ተዋጠ።

ርዝመቱ የጀልባ፣ ጀርባው የሚዶ ጥርስ፣
ፀሐይ እየጠጣ በአፉ ቀስ በቀስ።
"የባሕሩን ጨው" አለ፣ "በምላሱ ያስወጣል፤
እንባው ግን የውሸት ነው ተብሎ ይወራል።"
"የእውነቱንስ መቼ ነው የሚያለቅሰው?" ሲል ቢሹ ይጠይቃል።
ጃዱማኒ ሳቀ። ሞተሩን አስነሣ።

ቀትር ላይ ጀልባዋ ከጥላ ታሰረች፣
ኩንተላ እንቁላሉን ልጣ አከፋፈለች።
ለአባቴ ስትዘረጋ እጁን ሰበሰበ፤
በቤታችን ይህን ማንም አላሰበ።
አርባ ዓመት ሙሉ ይህንን እንቢታ
ለምን ብዬ አላውቅም፤ ቱኒ ግን ባንዳፍታ፦
"ጄጄ፣ እንቁላል ምን አደረገህ?" አለች፤
ጥያቄዋ ቀጭን፣ እንደ መርፌ ወጋች።

ዱላውን ካንዱ እጁ ወደ ሌላው አዞረ።

"ዐውሎ ነፋስ መጥቶ ሩዝ የጠፋ ዓመት፣
ጨው ውኃ ማሳችን ላይ የተኛ ሰሞን ነበር፤ ምንም የለም ከቤት።
እናቴ የሙዝ ግንድ ከትክታ፣ ቀቅላ
ሰጠችን ጥቂት ቀን፤ አጣች ደግሞ ሌላ።
አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ነቅቼ፣
ከአዞዪቱ ጎጆ በእንብርክክ ገብቼ፣
አርባ ሦስት እንቁላል፣ ሞቃት እንደ ዳቦ፣
በሽርጤ ቋጠርሁ፣ ልቤ ተርገብግቦ።
በላን። ጠገብንም። መሸ። ተኛን። ኋላ
ከግቢው መሐል ላይ ታየን ረጅም ጥላ።
ሰውም አልነከሰች፣ ፍየልም አልነካች፤
ቅርፊቱን ከጣልንበት፣ ከዚያ ላይ ነው የተኛች፣
እስኪነጋ ድረስ።
                    እናቴም በበሩ
ቀዳዳ አየቻት፣ ሁለቱም ሳይናገሩ።

"ኋላ መንግሥት መጥቶ ጥበቃ ሲጀምር፣
እንቁላል ሰብሳቢ በቀን ሒሳብ ሲቀጥር፣
እኔ ነኝ የሄድሁት። ተፈልፍለው ሲወጡ፣
ወደ ወንዝ ስለቅቅ፣ ዞር ሳይሉ ሲሮጡ፣
አርባ ሦስት ቆጠርሁ። ከዚያ በኋላ ያለው
ደመወዜ ነበር፤ ያ ግን ዕዳዬ ነው።"

ቢሹ የነከሰውን ሳይውጥ፣ ሳይተፋ፣
የአባቴ ዱላ ብቻ ወለሉን ሲገፋ፣
ጃዱማኒ ቀስ ብሎ፦ "ልጆቿን ስታነሣ
በዚያው ጥርስ ነው" አለ፣ "ቆዳም ሳትበሳ።"

ከዚያ ቀን የቀረኝ ፎቶ አንድ ነው፤
ግንድ። ዓይኑን ሳይገልጥ።

ስንመለስ መሸ፤ ነፋሱ ተነሥቶ
የቱኒን ሹሩባ አወከው ፈትቶ።
ኩንተላ ከጉልበቷ መሐል አስገባቻት፣
ቀዩን ጥብጣብ በጥርሷ ይዛ፣ አበጠረቻት።
አባቴ ትክ ብሎ ያንን ጥብጣብ አየ፣
ከዚያ ወደ ውኃው።